ከአስፋልት ዳር የተመለሱት ቀፎዎች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ የግድግዳ ሰዓትና አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰጠኝ። የምስጋናውን ጽሑፍ ያነበበው ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፤ እኔ ሥራ ስጀምር አልተወለደም። «ወይዘሮ አልማዝ በቅንነት፣ በትጋትና በታዛዥነት ያገለገሉ» ሲል ለስላሳዬን አስቀምጬ እጄን አወጣሁ።

«ልጄ፣ ቅንነቱንም ትጋቱንም እቀበላለሁ። ታዛዥነቱን ግን ሰርዝልኝ» አልኩት።

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ቀልድ መስሏቸው ነው። እኔ ግን አልቀለድኩም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያቺ ቃል እየከነከነችኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ሰዓቱ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ሲፈልግ ይቆማል። ብርድ ልብሱ ለዚህ አገር ሙቀት ምን እንደሚሠራ የሰጡኝ ሰዎች ያውቃሉ። ከተማችንን ዛሬ ሁሉም አዳማ ይላታል፤ እኔ የማወራው ስለ ደርግ ዘመን ስለሆነ ያኔ እንደምንለው ናዝሬት ብላት አትቀየሙኝ።

ሙያዬ ንብ ነው። መርጬው አልገባሁበትም። ከእርሻ ትምህርት ቤት ስመረቅ የተመኘሁት ዶሮ እርባታን ነበር፤ ዶሮ ክፍሉ ሞልቷል ተባልኩና ንብ ክፍል ተመደብኩ። ሰፈራችን ጉድ አለ። በእኛ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ዛፍ ላይ ነው፤ ዛፍ ላይ መውጣት ደግሞ የወንድ ሥራ ነው፤ ሴት ከወጣች ነውር ነው። እናቴ «ምን ልትሆኚ ነው ልጄ?» ብላ አለቀሰች። የወንድሜን ሱሪ ለብሼ ወጣሁ። የወንድሜ ሱሪ ጠባብ ነበር፤ ከንቡ ይልቅ ያስቸገረኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ መተሐራ ሆነ። አለቃዬ ጋሽ መርሻ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኩሩ ሰው ነበሩ። በዚያ አቧራና በዚያ ሐሩር ሸሚዛቸው ሁልጊዜ ነጭ፣ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ንብ ጥቁር ልብስ ስለምትጠላ ነው ይላሉ እንጂ እኔ መልበስ ስለሚወዱም እንደሆነ አውቃለሁ። ጓንት አያደርጉም፤ ሽቶ ተቀብቶ የመጣ ሠራተኛ ካለ ያለ አንዳች ርኅራኄ ወደ ቤቱ ይመልሱታል።

ቀፎ ከመክፈታቸው በፊት ከኋላው ቆመው ጆሯቸውን ይለጥፉና በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ። ጤነኛ መንጋ አንድ ጊዜ «እሽሽ» ብሎ ዝም ይላል። አውራዋ፣ እናቲቱ ንብ፣ የሞተችበት መንጋ ግን ያለቅሳል፤ ረጅም፣ የማያባራ ለቅሶ ነው፤ አንድ ጊዜ የሰማው ሰው አይረሳውም። ካራቸውን ከአንዱ ቀፎ ወደ ሌላው ሲሻገሩ እሳት ላይ ያሳልፉታል፤ በሽታ በካራ ላይ ተፈናጥጦ ከቤት ቤት እንዳይዞር ነው። ቀፎ ጋ ቆመው ሳሉ ማንም ቢጠራቸው አይመልሱም። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ ትልቅ ባለሥልጣን «ጓድ መርሻ! ጓድ መርሻ!» እያሉ ከአጥሩ ማዶ ቢጮኹ ጋሽ መርሻ ዘወር ሳይሉ ሥራቸውን ጨርሰው፣ ካራቸውን ጠርገው፣ እጃቸውን ታጥበው ነው «አቤት» ያሏቸው። የታመመ መንጋ አለ ተብለው በተጠሩበት ሁሉ ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ውሃ የሚጠጡት ከየት ነው?»

ይህ ጥያቄ እንጀራቸውን አሳጣቸው። ከመተሐራ ወዲያ በነበረ አንድ የጥጥ እርሻ አጠገብ ገበሬዎች ቀፎ ነበራቸው። አንድ ጠዋት ተጠርተን ስንሄድ ከዛፎቹ ሥር መሬቱ ጠቁሮ አገኘነው። የጠቆረው በሞተ ንብ ነበር። ስንራመድ ከጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ጋሽ መርሻ በዚያ በነጭ ሸሚዛቸው መሬት ላይ ተንበርክከው አንዷን መዳፋቸው ላይ አደረጉና መነጽራቸውን አስተካክለው ጠሩኝ።

«ምላሷን እዪ አልማዝ። ወጥቷል አይደል? ሁሉም እንዲህ ናቸው። በሽታ ቢሆን አንድ በአንድ ነበር የሚያልቁት። እነዚህ ተመርዘው ነው።»

ንቦቹ የሚበሩበትን አቅጣጫ ይዘን በእግራችን ተከተልን። አንድ ቦይ ጋ ደረስን፤ በአውሮፕላን የሚረጨው መድኃኒት የመጣባቸው በርሜሎች የሚታጠቡት እዚያ ነበር። የቦዩ ዳር በንብ ሬሳ ተሸፍኗል። ከነበረው ቀፎ ሁሉ አንድም መንጋ አላዳንንም። ጋሽ መርሻ ያዩትን ተናገሩ። ከበላይ «በሽታ ነው በል» ተባሉ። አልልም አሉ። ከዚያ ናዝሬት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ የመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ውስጥ ዶማና አካፋ እንዲጠብቁ ተዛወሩ። ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ቀሩ። ከመተሐራ ሲሄዱ ጭስ ማጨሻቸውን ሰጡኝ፤ ወናፉ ተቀዶ ጫማ ሰፊ የጠጋገነው ነበር። ያን ቀን እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ በኋላ ለቅሶው ወደ ንዴት ተለወጠና እሱ አብሮኝ ኖረ።

ዝዋይም ሠርቻለሁ። ስለ ዝዋይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ደመወዙ ይዘገያል፣ ዓሣው ርካሽ ነው፣ አለቃችን ከቢሮ ወጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ደህና ሠራሁ። ከዚያ ወደ ናዝሬት ተጠራሁ። አንድ የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ለንብ ጤና ገንዘብ ሊሰጥ ነው፤ ገንዘቡ በእኛ መሥሪያ ቤት በኩል ያልፋል፤ ነገር ግን ሥራውን የሚሠራው ኅብረተሰቡ ራሱ መሆን አለበት ተባለ። ሰዎች ሳቁ። «ረሃብ ባለበት አገር ለንብ ሐኪም!» አሉ። ንብ ከሌለች ስንት አበባ ፍሬ ሳይሆን እንደሚቀር ላስረዳ ሞከርኩ፤ ሲያቅተኝ ተውኩና የሚሠሩ ሰዎች ፍለጋ ወጣሁ።

ያገኘኋቸው ቆቃ ነው፤ ሴቶች ናቸው። አውራቸው አዴ ጫልቱ ትባላለች። ሰው ሁሉ «እርስዎ» ሲላት «ምን አድርጌሽ ነው የምታርቂኝ?» ስለምትል እኔም አንቺ ማለት ለመድኩ። ባሏ ሞቷል፤ አንድ ልጇ ለውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘምቷል። መንደሩ በሙሉ እንደዚያው ነው፤ ወንዱ ወይ ዘምቷል ወይ ተደብቋል። ቀፎዎቹ ግን ግራሩ ላይ እንደተሰቀሉ ቀርተዋል፤ የሚወጣ የለም። ጉንዳን ይበላቸዋል፣ የሰም ብል ይገባባቸዋል።

መጀመሪያ ስንገናኝ አዴ ጫልቱ ወደ ግራሩ ቀና ብላ አይታ «እኔ እዚያ አልወጣም፤ ነውሩ ይቅር፣ ጉልበቴም የለም። እነሱ ለምን አይወርዱም?» አለች።

አወረድናቸው። ሥራው ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ ወጣ። በወገብ ልክ መቆሚያ ሠራን፤ በየእግሩ ሥር ለጉንዳን አመድ አፈሰስን፤ በላዩ የሣር ዳስ ጣልንበት። ዛፍ ላይ ያለን ቀፎ በዓመት አንዴ ለማር ብቻ ነው የሚያዩት፤ ወገብ ላይ ያለን ግን በየቀኑ ያዩታል፤ ስለዚህ በሽታው ሳይብስ ይታወቃል። ጋሽ መርሻን አስቤ ውሃውን ጠየቅሁ። ንቦቹ የሚጠጡት ከእርሻ ቦይ ነበር። ከዕርዳታው ገንዘብ ገንዳዎች አሠራን፤ ንቦቹ እንዳይሰምጡ ጠጠር ደረደርንባቸው፤ ሴቶቹ ተራ ገብተው በየጠዋቱ ንጹሕ ውሃ ይሞላሉ። መንጋው ፋፋ። ከዓመቱ ልፋታቸው የመንግሥት ኮታ የማይነካው ማሩን ብቻ ነበር፤ የልጆቻቸው ደብተርና ልብስ ከእሱ ነበር የሚወጣው። ዕርዳታ ሰጪዎቹም በዓመቱ መጥተው አይተው መንጋው ጤነኛ ከሆነ ቀሪውን ገንዘብ እንለቃለን፣ ለአጎራባች መንደሮችም እንጨምራለን አሉ።

ከዚያ የመንደር ምሥረታ መጣ። የቆቃዎቹ ቤት ፈርሶ ከቆቃ ሐይቅ ከፍ ብሎ፣ ወደ መቂ የሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በገመድ ተለክቶ በመደዳ ተሠራ። ቀፎዎቹ ግራሩ ሥር ቀሩ። ሁለቱ ቦታዎች ይተያያሉ፤ አንድ ሰው ጮኾ ቢጣራ ይሰማል። ሴቶቹ ለገንዳዎቹ ውሃ ሊሞሉ በየጠዋቱ ይወርዳሉ፤ ካድሬዎቹ ደግሞ ወደ አሮጌው ቦታ የሚመላለስ ሰው ማየት አይወዱም። አዴ ጫልቱ ተራዋ ባይሆንም ትወርዳለች። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኋት።

«ልጄ ሲሄድ ቤታችን እዚህ ነበር» አለችኝ። «አዲሱን መንደር አያውቀውም። ድንገት ቢመጣ፣ ሰው አይጣበት።»

የዕርዳታ ድርጅቱ ሰው ሊመጣ ሲል የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጓድ ደረጀ አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። ከላይ ያሉት «አዲሱ መንደር ፍሬ አፍርቷል?» እያሉ እንቅልፍ ነስተዋቸዋል፤ ፈርተዋል። የፈራ አለቃ ግን ለእኔ ከክፉው አይሻልም ነበር።

«ጓድ አልማዝ፣ ቀፎዎቹ ለምንድን ነው እስካሁን አሮጌው ቦታ ያሉት?»

«ንቦቹ የሚያውቁት እዚያ ስለሆነ ነው።»

«ሕዝቡ ተዛውሯል እኮ።»

«ሕዝቡ ስብሰባ ተጠርቶ ተነግሮታል። ንብ ስብሰባ አትመጣም።»

አልሳቁም። «እንግዳው ከመኪና እንደወረደ፣ አስፋልቱ ዳር፣ መፈክሩ ሥር ተደርድረው እንዲያያቸው እፈልጋለሁ።»

ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ንብ ቀፎዋን አይደለም የምታውቀው፣ ቀፎው ያለበትን ቦታ ነው። እዚያው አካባቢ ቢያዛውሯት በማግስቱ አበባ ቀስማ ስትመለስ የምትሄደው ወደ ድሮው ቦታ ነው። ማዛወር ካስፈለገ ወይ አይታው ወደማታውቀው ሩቅ አገር ይወስዷታል፣ ወይ በየቀኑ በክንድ በክንድ ያስጠጓታል። በዚህ መሐል ያለው ሁሉ መግደል ነው።

«ሰው ተነስ ሲባል ተነስቶ» አሉ ጓድ ደረጀ፣ «ንብ እምቢ ልትል ነው?»

«አዎ።»

«እምቢ የምትይው አንቺ ነሽ።»

«እኔም እምቢ እላለሁ። እነሱ ግን ከእኔ አልተማሩም።»

ጠረጴዛውን መቱት። «ንብ የሌለበት አገር ነው የምልክሽ!»

«እንዲህ ያለ አገር ካገኙ ይንገሩኝ፤ ለሙያው ይጠቅማል» አልኳቸው።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከቢሮው ስወጣ ግን ፈርቼ ነበር። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ገብቶ ያልወጣ ሰው አውቃለሁ። ቢሆንም ቃሌን አልመለስኩም። ቀፎ ለማንሳት እጄን እንደማላበድር ለሁሉም ተናገርኩ።

እኔን ትተው ቀፎዎቹን አስነሱ። ናዝሬት የምትኖረው በጋሪ ነው፤ ሰው በጋሪ፣ ጤፍ በጋሪ፣ የሬሳ ሳጥንም በጋሪ። ስለዚህ ቀፎውንም በጋሪ ነው ያሉት። ንብ የፈረስ ላብ እንደማትችል የነገራቸው የለም፤ መንገር የምችለው እኔ ነበርኩ፣ እኔን ማን ሊጠይቅ! አመሻሽ ላይ የቀፎዎቹን አፍ በጨርቅ ወትፈው ጭነው ሲሄዱ የአንዱ ጨርቅ ወለቀ። ፈረሱ ጋሪውን፣ ቀፎውንና ባለቤቱን ይዞ በረረ። ጋሪ ነጂው ፊቱ አብጦ ዓይኑ ተደፍኖ «ከዚህ በኋላ አብዮቱ በራሱ ጀርባ ይሸከም» ብሎ ጥሎ ሄደ አሉ። የቀረውን በሰው ሸክም አስፋልቱ ዳር አደረሱት።

በማግስቱ ስደርስ ቀፎዎቹ ቀይ መፈክር ሥር ተደርድረዋል። ዳስ የለ፣ ጥላ የለ። አንዱን ቀርቤ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ውስጡ የቀሩት አውራዋና ገና መብረር ያልጀመሩት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ድምፃቸው ስስ ነው። ወደ ግራሩ ቁልቁል ሮጥኩ።

አዴ ጫልቱ ባዶዎቹ መቆሚያዎች መካከል ቆማለች። ንቦቹ ተመልሰዋል። በየመቆሚያው እግር ላይ፣ በየዳሱ ሣር ላይ፣ እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘው ተንጠልጥለዋል። አፋቸው የአበባ ወለላ የያዘ፣ እግራቸው ብናኝ የተሸከመ፣ መግቢያ ግን የለም። አየሩ በፍለጋ ተሞልቷል።

«ኮቱ፣ ነይ እዪ አልማዝ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ቤቱ የለም፤ እነሱ ግን መጡ።»

እኩለ ቀን ላይ ሁለታችን ወደ አስፋልቱ ስንወጣ የፈራሁት ደረሰ። ጋሪው ያንገላታው የአዴ ጫልቱ ትልቁ ቀፎ አስፋልቱ ዳር በፀሐይ ጋለ፤ ውስጡ ያለው የማር እንጀራ ለስልሶ እላዩ ላይ ተናደ። ከሥር ማር ይንጠባጠባል፣ ጉንዳን ተሰልፏል። ጆሮዬን ስለጥፍ ያንን ድምፅ ሰማሁ። እያለቀሱ ነው። አውራዋ ማሩ ውስጥ ሰምጣለች። አዴ ጫልቱ ነገሩን ከፊቴ አነበበችና መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

ሌሎቹም ቀፎዎች እስከ ነገ እንደማይቆዩ ነገርኳት። መንጋው እዚያ፣ አውራዋ እዚህ፤ ሁለቱም ያልቃሉ። እንግዳው የሚመጣው ነገ ነው፤ የሚያየው የሞተ ቀፎ ነው፤ ገንዘቡ ይቀራል፤ ገንዘቡ ከቀረ ማንም ወደ ግራሩ የሚወርድበት ምክንያት የለውም።

«እንመልሳቸው» አልኩ። «ጓድ ደረጀ ናዝሬት ነው ያሉት። ካወቁ ግን ያስሩናል።»

ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። «ልጄን ወሰዱ፤ ዝም አልኩ። ቤቴን አፈረሱ፤ የጣሪያዬን ሣር በራሴ ተሸክሜ ወጣሁ። አሁን ንቤንም ልስጥ? ያ ዋቃዮ! ተነሺ።»

መሸከሚያ ተቸገርን። ጋሪ አይታሰብም። አንዷ ሴት ሮጣ የዕድሩን ቃሬዛዎች አመጣች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቀፎዎቹን አፍ ዘግተን፣ ጋቢ አልብሰን፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት እንደሚወሰድ በአራት በአራት ተሸክመን ወጣን። የመንደሩ ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ መንገድ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው የያዛችሁት?»

«በሽተኛ» አለች አዴ ጫልቱ።

በሽተኛው ከጋቢው ሥር ዝዝዝ ይላል። ጥበቃው ቃሬዛውን አየ፤ ከዚያ ከተሸካሚዎቹ አንዷን አየ። እናቱ ነበረች። «ምን ትገተራለህ? በዚህ በኩል ያዝልኝ፣ ትከሻዬ አልቋል» አለችው። ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አዙሮ ያዘላት።

እያንዳንዱን ቀፎ በየድሮ መቆሚያው ላይ መልሰን አፉን ከፈትን። የጋሽ መርሻን ማጨሻ አቀጣጥዬ ትንሽ ጭስ ብቻ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ጥቂቶች ወጡና መግቢያው ላይ ጅራታቸውን ወደ ላይ አንስተው ክንፋቸውን ያርገበግቡ ጀመር፤ ቤት እዚህ ነው የሚሉት እንዲህ ነው። ዘለላው ተነቃነቀ። ከዚያ በእግራቸው፣ ምንም ሳይጋፉ፣ በመቆሚያው እግር ሽቅብ እየወጡ መግባት ጀመሩ። በሥራ ዘመኔ ካየሁት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። አውራ ያጣውን የአዴ ጫልቱን መንጋ በስኳር ውሃ ረጭተን፣ ጠረኑ አንድ እንዲሆን በአንድ ጭስ አጥነን፣ ከደካማ ቀፎ ጋር ቀላቀልነው። የተናደውን ቀፎ ግን ሆን ብለን አስፋልቱ ዳር ተውነው።

በማግስቱ ጓድ ደረጀ እንግዳውን ይዘው መጡ። አቶ ሳሙኤል ይባላል፤ ለንብ ገንዘብ የሚያድል፣ ንብ ግን አብዝቶ የሚፈራ ሰው ነበር፤ ከመኪናው የወረደው መስኮቱን ከፍቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ነው። መፈክሩ አለ፤ ከሥሩ አንድ የተናደ ቀፎ ብቻ። ጓድ ደረጀ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የቀሩትስ?» አለ አቶ ሳሙኤል።

አዴ ጫልቱ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። «ቤታቸው ናቸው። ና ላሳይህ።»

በዙሪያው የቆመው መንደርተኛ በሙሉ መሬት መሬት አየ። ስለ ንብ ብቻ እንዳልተናገረች ሁሉም ገብቶታል፤ ጓድ ደረጀም ገብቷቸዋል። አቶ ሳሙኤል ወደ እኔ ዞሮ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀኝ። ጓድ ደረጀ በዓይናቸው አፌን ሊዘጉ ሞከሩ። እኔ መተሐራ ላይ የተንበረከኩትን ሰውዬ አሰብኩና ነገሩን ሁሉ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደጫነ፣ ማን እንደመለሰ፣ ማንንም ሳልደብቅ ተናገርኩ። «የመለስነው እኔና እነሱ ነን» አልኩ። «የሚታሰር ካለ ከእኔ ይጀመር።»

አቶ ሳሙኤል የተናደውን ቀፎ አይቶ ቁልቁል ወረደ። ከንቦቹ ራቅ ብሎ፣ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፍቶ፣ ገንዳዎቹን፣ አመዱን፣ ዳሱን አየ። ቀሪው ገንዘብ ሲመጣ ምን እንዲጨመርላቸው እንደሚፈልጉ ሴቶቹን ጠየቃቸው። ችግኝ፣ ሰም፣ ሌላ ቀፎ ይላሉ ብዬ ነበር።

«ማንም እንዳያነሳቸው» አለች አዴ ጫልቱ። «እኛም በየቀኑ ወርደን ውሃ እንድንሞላ። ማንም ለምን ወረዳችሁ እንዳይለን።»

ገንዘቡ የተለቀቀው በዚህ ውል ነው፤ ቀፎዎቹ ካሉበት አይነሱም፣ ሴቶቹ በየቀኑ ይወርዳሉ። መሥሪያ ቤቱ የውጭ ምንዛሪውን ስለፈለገ ዋጥ አድርጎ ፈረመ። በዚያ ሁሉ አካባቢ ወደ አሮጌ መንደሩ እንዲመላለስ የተፈቀደለት ሰው እነዚያ ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ የተፈቀደላቸውም በንብ ጤና ስም ነው። እስከ ዛሬ ይህን ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ።

አልታሰርኩም። እንግዳ ፊት ስለተናገርኩ ማሰሩ አሳፈራቸው መሰለኝ። ነገር ግን ጓድ ደረጀ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው፣ ጋሽ መርሻ በተወረወሩበት ግምጃ ቤት፣ የዶማና የአካፋ ጠባቂ አደረጉኝ። ንብ የሌለበት አገር እሱ መሆኑ ነው። ውሎ አድሮ አንድ መንጋ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ገብቶ ቤቱን ሠራ። ለማንም አልተናገርኩም። ጋሽ መርሻ፣ ያኔ ጡረታ ወጥተው በከዘራ የሚሄዱ፣ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሰላምታዬን እንኳ ሳይመልሱ ግድግዳው ላይ ጆሯቸውን ለጠፉና በአንጓቸው አንኳኩ።

«ደህና ናቸው» አሉ። «ውሃ የሚጠጡት ከየት ነው?»

«ከባቡር ጣቢያው ቧንቧ።»

ከዚያ በኋላ ነው «እንደምነሽ አልማዝ» ያሉኝ።

ጦርነቱ አልቆ መንግሥት ሲለወጥ ወደ ሙያዬ ተመለስኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ቆቃ ነው። አስፋልቱ ዳር የነበረው መንደር ተበትኖ ግድግዳው ብቻ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ ጣሪያውን ነቅሎ ወደ ድሮ ቦታው ወርዷል። አዴ ጫልቱ ግራሩ ሥር፣ ከቀፎዎቹ አጠገብ፣ አዲስ ጎጆ ቀልሳለች። ደጃፉ ላይ አንድ ቀጭን፣ ፀሐይ ያከሰለው ጎልማሳ የተቀደደ የወታደር ጫማ እየሰፋ ተቀምጧል። ማን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ አፍንጫው የእሷ ነው።

«በእግሩ መጣ» አለችኝ እጄን ይዛ። «በአስፋልቱ ነው የመጣው፤ ያኔ መንደሩ ገና አልፈረሰም ነበር። አልፎት መጣ። ማንንም አልጠየቀም፤ ዞርም ብሎ አላየው። ቀጥ ብሎ ወደዚህ ወረደ።»

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ» አለች ወደ ገንዳዎቹ እየጠቆመች። «ውሃ እየሞላሁ ነበር።»